የጉራቻው ሙሌት

ካቦ አሳምነው ይመርን ያወቅሁት በጎረቤትነት ነው። አሰላ ውስጥ ከገበያው በላይ የእኛ ግቢና የእነሱ ግቢ በአንድ አጥር ይዋሰን ነበር። ይህን ታሪክ ግን ከእሱ አልሰማሁም፤ ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው አልነበረም። የነገረችኝ ባለቤቱ ወለተ ማርያም ናት፤ እሷ ያላየችውን ደግሞ አብረውት ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች ሞልተውልኛል።

አያቱ ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥተው አርሲ ላይ መሬት ተሰጥቷቸው የተተከሉ ናቸው። አባቱ ያን መሬት ቆርጦ እየሸጠ ጠጥቶበት ስለ ሞተ፣ አሳምነው የወረሰው ነገር የለም። ገና ጎረምሳ ሳለ ጣሊያን መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ፈላጭ ሆኖ ገባ። ጣሊያን ሄደ፤ እሱ ከመንገዱ ጋር ቀረ። ከነጻነት በኋላ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ለጥገና የሚሆን የሠራተኛ ጓድ ሲያቋቁም፣ ከኢተያ እስከ አሰላ ያለውን የጠጠር መንገድ እንዲጠብቅ ካቦ አድርገው ሾሙት። አስፋልት በዚያ አገር ገና ወሬው እንጂ ራሱ አልደረሰም ነበር።

«ዝናብ ሲጥል የሰው ባል ወደ ቤት ይገባል፤ የእኔ ይወጣል» ትል ነበር ወለተ ማርያም። እውነቷን ነው። አሳምነው ደመና ሲከብድ ካፖርቱን ደርቦ ወጥቶ ውሃው የት የት እንደሚሄድ ያያል። መንገድ የሚገድለው መኪና አይደለም፣ የተኛ ውሃ ነው ይላል። ሰዎቹ ጉድጓድ ሲደፍኑ ጭቃው ላይ አፈር እንዲደፉ አይፈቅድም። ጭቃው ተዝቆ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ይቆፈራል፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ከሥር ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ ገረጋንቲ የሚሉት ጠጠራማ አፈር ይደረግና ውሃ እየተረጨ ይደለደላል። ጊዜ ይወስዳል። ግን አንዴ የደፈኑትን በዚያው ክረምት አይመለሱበትም።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አሳምነው የሚፈራው አንድ ቦታ ነበር። ኢተያን አልፎ ወደ አሰላ ሲወጣ ጉራቻ የሚባል ትንሽ ጅረት መንገዱን ያቋርጣል። ስሙ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው፤ አፈሩም እንደ ስሙ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ይሆናል። በዙሪያው ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። ጅረቱ በመንገዱ ሥር የሚያልፈው ጣሊያን በቀበረው ቱቦ ነው፤ ቱቦው አርጅቷል፤ አሳምነው አዲስ እንዲሰጠው በየዓመቱ ይለምናል፤ በየዓመቱም ሌላ የባሰ ቦታ ይገኛል።

ከጅረቱ ፈንጠር ብሎ ባለው ጉብታ ላይ አንድ መቃብር አለ። የቱሳ አባት መቃብር ነው። ቱሳ በዕድሜ ከአሳምነው የሚበልጥ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ የአርሲ ገበሬ ነበር። አባቱ ሲሞቱ ጎሣው ተሰብስቦ ከጭላሎ እግር ሥር ድንጋይ በትከሻ አጓጉዞ፣ መቃብሩን ዙሪያውን በካብ አጠረው። በካቡ መካከል ጦርና ጋሻ የተቀረጸበት ረጅም ድንጋይ አቆመ። መንገደኛ ሁሉ ከሩቅ ያየዋል።

በ1951 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። አንድ ቀን ጠዋት አሳምነውና ሰዎቹ ጉራቻ ሲደርሱ ቱቦው ፈርሶ መንገዱ ተቆርጦ አገኙት። የተቆረጠው ቦታ አንድ መኪና ሙሉ ይውጣል፤ ውሃው በመካከሉ እየደፈረሰ ይሄዳል። አሳምነው በአሰላ በኩል ቀይ ጨርቅ አስተክሎ መንገዱን ዘጋ። ሐሳቡ ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠብቆ፣ ጉድጓዱን አስፍቶ፣ በወጉ መሥራት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከአሰላ በኩል ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት አንድ እህል ጫኝ መኪና መጥቶ ጨርቁ ጋ ቆመ። ከሾፌሩ አጠገብ የነበረችው ሴት ነጭ ልብሷን ሰብስባ ዘላ ወረደች። አባይነሽ ትባላለች፤ ከሌላ አገር ተመድባ አሰላ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት።

«ካቦ ማነው እዚህ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ከላይ ፍራሽ ላይ የተኛች ወላድ አለች። ዙቤዳ ትባላለች፣ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት። ልጁ ተጋድሞባታል። ከትናንት ጀምሮ ታምጣለች፤ አሁን ደም ጀምሯታል። ናዝሬት ሆስፒታል ዛሬ መድረስ አለባት።»

«በቃሬዛ እናሻግራት» አለ አሳምነው።

«ተሻግራስ? ከዚያ ማዶ መኪና አለ?»

አልነበረም። አሳምነው አንዱን ሠራተኛ በበቅሎ ወደ ኢተያ ሰደደው። ሰውየው ተመልሶ እንደነገረው፣ በኢተያ ያለችው አንዲት መኪና ሞተሯ ተፈትቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ከታች ከዴራም የሚመጣ የለም። በሰው ትከሻ ናዝሬት ድረስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ነርሷ ፊቷን ወደ ተቆረጠው መንገድ አዞረች። «ሙሉት» አለች። «አፈር ሙሉበት። ለአንድ መኪና ብቻ።»

«አፈር ብሞላበት ውሃው ይገደባል፤ መኪናው መካከል ሲደርስ አብሮ ይሄዳል» አላት። «ድንጋይ ቢሆን ውሃው በመካከሉ ያልፋል፤ ይይዛል። ድንጋይ ግን እዚህ የለም። የመሥሪያ ቤቱ ገልባጭ መኪና ናዝሬት ነው።»

ሰዎቹ እንደሚሉት፣ ሁሉም ወደ መቃብሩ ካብ ነበር የሚያዩት፣ እሱ ብቻ ነው ያላየው። ከሠራተኞቹ አንዱ ዶማውን አንሥቶ ወደ ጉብታው መራመድ ሲጀምር አሳምነው ክንዱን ያዘው።

«አንተ እዚህ ቆይ። ባለቤት አለው።»

ብቻውን ወደ ቱሳ ቤት ወጣ። ቱሳን ደጁ ላይ ለከብቶቹ ውሃ መውረጃ እየቀደደ አገኘው። አሳምነው ኦሮምኛ እንደ አፍ መፍቻው ስለሚናገር የተነጋገሩት በዚያው ነው።

«ኦቦ ቱሳ፣ የሰው ነፍስ ይዤ መጥቼብዎታለሁ» አለና የሆነውን ሁሉ ነገረው። «መንገዱን ለመሙላት ድንጋይ ያስፈልገኛል።»

«እዚህ አገር ድንጋይ የት አለ?»

አሳምነው ዓይኑን ወደ ጉብታው መለሰ። ቱሳ አብሮት አየና ገባው። ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ካቦ» አለ፣ «አያትህ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ መሬቱን ወሰደ። እኔ በአባቴ አገር ላይ ጢሰኛ ነኝ። የእኔ ነው የምለው አባቴ የተኛበት ቦታ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ አንተ አካፋ ይዘህ መጣህ።»

«እውነትዎን ነው።»

«እምቢ ብልህስ?»

«እምቢ ካሉ አልነካውም። ሰዎቼም አይነኩትም። ተመልሼ ለነርሷ ድንጋይ የለም እላታለሁ።»

ቱሳ ጋቢውን ደርቦ ቁልቁል ወረደ። አሳምነው ከኋላው ተከተለ። ቱሳ መኪናው ጋ ሲደርስ በጎማው ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ዙቤዳ ከንፈሯ ደርቆ፣ የአማቷን እጅ ይዛ ተኝታለች። አትጮህም፤ መጮኹን ትታዋለች። ቱሳን አየችው፤ ማን እንደሆነ አታውቅም። እሱም አያውቃትም። ከመኪናው ወረደ።

«ካቡን ውሰድ» አለ። «የቆመውን ድንጋይ እንዳትነካ።»

«አልነካም።»

«መቼ ትመልስልኛለህ?»

«ክረምቱ ወጥቶ ቱቦ ሲመጣ፣ እያንዳንዱን አውጥቼ በቦታው እክባለሁ። ቃሌ ነው።»

ወለተ ማርያም እስከ ዛሬ የምትቆጨው በዚህ ቃል ነው። «ቱቦውን እሱ ይሰጥ ይመስል!» ትላለች።

ሥራው ተጀመረ። ሠራተኞቹ ድንጋዩን በባሬላ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ አወረዱት። የትሬንታ ኳትሮው ሾፌርም፣ የቱሳ ወንድሞችም ገቡበት፤ ወንድሞቹ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፣ ግን ታላቃቸው ተናግሯልና ይሸከማሉ። አሳምነው ውሃው ውስጥ እስከ ጭኑ ገብቶ ትልልቁን ከሥር፣ በመካከላቸው ውሃ መሄጃ እየተወ፣ በእጁ ይደረድራል። አንዲት ድንጋይ ያለቦታዋ ብትቀመጥ ያስነሣታል። አባይነሽ ከመኪናው ላይ «ቶሎ በሉ!» ትላለች፤ እሱ ቀና አይልም።

ሙሌቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የታችኛው ጎን መንሸራተት ጀመረ። ውሃው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየገፋ ያወጣል። ጎኑን ደግፎ የሚይዝ ረጅም ነገር ያስፈልግ ነበር። ግንድ እንዳይባል በአካባቢው ዛፍ የለም። ካቡም አልቋል። አሳምነው እጁን ድንጋዮቹ ላይ ጭኖ ቆመ፤ አፉን ግን አልከፈተም። ቃል ገብቷል።

ያኔ ነው ቱሳ ከአንዱ ሠራተኛ እጅ ድጅኖ ተቀብሎ ወደ ጉብታው የወጣው። ወንድሞቹ ተከትለው እየጮሁ ሊይዙት ሞከሩ። «ተዉኝ» አላቸው፤ «አባቴ በሕይወት ቢኖር ራሱ ውሃው ውስጥ ይቆም ነበር።» የቆመውን ድንጋይ በገዛ እጁ ነቀለው። በገመድ እየጎተቱ አወረዱትና በታችኛው ጎን አጋድመው አስያዙት። መንሸራተቱ ቆመ። በመንገድ ዳር የተረፈውን ገረጋንቲ ከላይ አለበሱና ሾፌሩን ጠሩት።

ሾፌሩ መስቀሉን በጥርሱ ነክሶ ቀስ አድርጎ ነዳ። የኋላ ጎማው መካከል ሲደርስ ሙሌቱ ወረድ አለ፣ ከዚያ ያዘ። መኪናው ወጣ። አንድም ሰው አላጨበጨበም፤ ቱሳ ባዶውን ጉብታ እያየ ቆሞ ነበር።

ዙቤዳ ናዝሬት ደረሰች። ልጁ ሞቶ ወጣ፣ እሷ ተረፈች። ሾፌሩ ወሬውን ይዞ ሲመለስ አሳምነው ለቱሳ ሊነግረው ሄደ። ቱሳ ሰምቶ «አልሐምዱሊላህ፣ እናቲቱ ተርፋለች» አለ።

በኅዳር መንገዱ ሲደርቅ ኢንጂነር ይርሳው ለጉብኝት መጣ። ይርሳው የጎጃም ሰው ነው፣ ወጣት፣ ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ። ጉራቻ ላይ ወርዶ ሙሌቱን ከላይም ከታችም አየ።

«ካቦ አሳምነው፣ ግሩም አድርገው ሠርተውታል። ውሃው በመካከሉ እያለፈ ነው፤ አልሰመጠም። ይህን አንነካውም።»

«ቱቦው መጥቶ የለም እንዴ?» አለ አሳምነው።

«መጥቷል። ግን ከአሰላ በላይ በበቆጂ በኩል ያለው ድልድይ እግሩ ተበልቷል። እሱ ከወደቀ ያ አገር ሁሉ ይዘጋል። ያለኝን ወደዚያ ነው የምወስደው።»

አሳምነው ድንጋዩ የማን እንደሆነ ነገረው። ይርሳው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጉብታው ተመለከተ። 

«ይህን ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ» አለ።

«ብነግርዎ የሚለወጥ ነገር ነበር?»

ይርሳው አሰበበት። «አልነበረም» አለ። «ልዋሽዎ አልፈልግም። ድልድዩ ይቀድማል።»

አሳምነው ሊቆጣው አልቻለም። እሱም በዚያ ወንበር ቢቀመጥ እንደዚያው ይወስን እንደነበር ያውቃል። ይህ ነው ያቃጠለው ትላለች ወለተ ማርያም፤ የሚወቅሰው ሰው ማጣቱ።

ለቱሳ መንገር የእሱ ዕዳ ሆነ። ቱሳን ገብስ እያበራየ አገኘው። አሳምነው ቆሞ ነገረው፤ ከዴራ ቆላ ሌላ ድንጋይ አስመጥቶ፣ ከበፊቱ የተሻለ አድርጎ እንደሚክብለትም ለመነው።

«የዴራ ድንጋይ አባቴን ያውቀዋል?» አለ ቱሳ። «እያንዳንዷ ድንጋይ የተሸከማት ሰው ስም አላት። ግማሾቹ ሞተዋል። እነሱን ከየት ታመጣለህ?» ፊቱን ወደ በሬዎቹ መለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሳምነው በዚያ ሲያልፍ ሰላምታ አይመልስለትም። የቱሳ ወንድሞችም ቱሳን አኮረፉት፤ የአባታችንን መቃብር ለሐበሻ መኪና አነጠፍክ አሉት። በገበያ ቀን ብቻውን ወርዶ ብቻውን ይመለስ ጀመር።

ዙቤዳ ነገሩን የሰማችው ዘግይታ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ናዝሬት ስትወርድም ሆነ ስትመለስ፣ ጉራቻ ሲደርሱ ሾፌሩን ታስቆመዋለች። ወርዳ ጫማዋን አውልቃ፣ የፋቲሃን ጸሎት አድርሳ፣ በእግሯ ትሻገራለች። «በሰው መቃብር ላይ ተቀምጬ አልሄድም» ትላለች። ተሳፋሪ ያጉረመርም ነበር፤ እያደር ግን ሾፌሮቹ ሁሉ እዚያ ሲደርሱ ቀስ ማለት ለመዱ።

አሳምነው ደግሞ በራሱ መንገድ ሄደ። ግሬደር ሲመጣ ጉራቻ ላይ ምላጩን አንሥቶ እንዲያልፍ ያደርጋል። ያን ቁራጭ መንገድ በእጁ ብቻ ይጠግነዋል። በ1953 ዳምጠው የሚባለው የመንገድ መደልደያ መኪና ሲመጣ፣ አሳምነው መካከል መንገድ ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለ። የዳምጠው ነጂ ሳቀበት፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በኋላ ይርሳው ተጠራ።

«ካቦ፣ ካልተደለደለ ይፈርሳል እኮ» አለው ይርሳው።

«በእጅ እደለድለዋለሁ። ይህ ነገር ሲያልፍበት ድንጋዩ ይሰበራል። ሳይሰበር አወጣለሁ ብያለሁ።»

«ለዚህ ጥቂት ቦታ ስንት ቀን ሰው ያቆማሉ? ኢተያ መግቢያ ላይ ያለው ጉድጓድ ሳይደፈን ሰነበተ።»

ይህም እውነት ነበር። በዚያው ሰሞን ኢተያ መግቢያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ፤ ረዳቱ እግሩ ተሰበረ። አሳምነው ሄዶ ሰውየውን ጠየቀው፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ተመለሰ። መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አስጠነቀቀው፤ ሊሰጠው የነበረው የዋና ካቦነት ሹመትም ለሌላ ሄደ። ወለተ ማርያም ያን ቀን አልቅሳ «ለአንድ ቃል ስንት ሰው ይጎዳል?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ ኢተያን አስቀደመ፤ ለጉራቻ የእሑዱን ቀን ሰጠ፤ ከቅዳሴ ሲወጣ የእጅ መደልደያውን ይዞ ብቻውን ይሄዳል። አንድ ካህን እሑድ ሥራ ነውር ነው አሉት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማቸው፣ በሚቀጥለውም እሑድ ሄደ።

በ1955 ጥር ላይ ይርሳው ራሱ ወደ አሳምነው ቤት መጣ። ለጉራቻ በኮንክሪት የሚሠራ ድልድይ ተፈቅዶለታል። «በዚህ ዓመት የሚቀድመው የለም» አለ፤ አሳምነው መቀመጫ ሊያቀርብለት ተነሥቶ እንደ ቆመ ቀረ። ያን ጊዜ ሳል ጀምሮት ነበር። ሐኪሙ ውሃ ውስጥ መቆም ከልክሎታል።

ሙሌቱ ሲከፈት አሳምነው ከላይ ሆኖ «ቀስ! በእጅ!» እያለ አስወጣው። ቱሳ በመጀመሪያው ቀን ከጉብታው ሆኖ ተመለከተ። በሁለተኛው ቀን ወረደ። ድንጋዮቹ ታጥበው ሣሩ ላይ ሲደረደሩ እየዞረ ያያቸዋል። አንዱን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይህ የአጎቴ ነው» አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው። ወንድሞቹም መጡ። ለዓመታት ያልተነጋገሩት ሰዎች ይህ የእገሌ ነው፣ አይደለም የእገሌ ነው እያሉ ይከራከሩ ጀመር።

ረጅሙ ድንጋይ በመጨረሻ ወጣ። ከጋሻው ሥር ለሁለት ተሰብሮ ነበር። ምናልባት በመጀመሪያው ቀን፣ ትሬንታ ኳትሮው ሲያልፍ ይሆናል፤ ማንም አያውቅም። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ቀሩ። አሳምነው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

«በሲሚንቶ ይያያዛል፣ ኦቦ ቱሳ» አለ።

ቱሳ የተሰበረውን ቦታ በመዳፉ ዳሰሰ። «አባቴም በመጨረሻው ዘመን ወገቡ ተሰብሮ ነበር» አለ። «በምርኩዝ ነበር የሚቆም። ተወው። የታችኛውን ቅበረው፣ የላይኛውን አስደግፈው።» ከዚያ ወደ አሳምነው ዞረና «ተነሥ፣ ብርድ ይመታሃል» አለው።

ካቡን ለመካብ ሳምንት ያህል ፈጀ። አሳምነው እንዳይሸከም ቱሳ ከለከለው፤ ተቀምጦ ድንጋይ ያቀብል ነበር። ሲያልቅ የቱሳ ቤተሰብ ወይፈን አርዶ፣ ለክርስቲያኖቹ ሠራተኞች ደግሞ ራሳቸው እንዲያርዱ በግ ሰጠ። አሳምነው ከዚያ በኋላ ሰዎች «መንገዱ መቼ ይከፈታል?» ሲሉት «አየዋለሁ» ከማለት በቀር ቀን ቆርጦ የተናገረበትን ጊዜ አላስታውስም። የኮራ የመሰላቸው ነበሩ።

በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ሞተ። ቀብሩ ላይ ይርሳው ከናዝሬት መጥቶ ነበር። ዙቤዳም ከባሏ ጋር መጣች፤ ያን ዓመት የወለደቻትን ሴት ልጅ ታቅፋ ነበር። ቱሳ ከወንድሞቹ ጋር ደረሰ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ለቅሶው ድንኳን ገብቶ ከሐዘንተኛው ጋር ሰነበተ። ወለተ ማርያም ባሏ ከሞተ ጀምሮ እህል አልቀምስም ብላ ነበር። ቱሳ ይህን ሰምቷል። በሦስተኛው ቀን ዘመዶቿ ለምነው አንድ ጉርሻ ስትቀበል አየና፣ ተነሥቶ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ አገሩ ሄደ።